የኳስ ቃላት በአግድምና በቁልቁል

ሕግ የተማረ ሰው የትርጓሜ አንቀጽን በጥርጣሬ ያነባል፡፡ ትርጉሙ ከጠበበ ጥፋተኛው ያመልጣል፤ ከሰፋ ደግሞ ንጹሑ ይያዛል፡፡ የአግድምና ቁልቁል ፍንጭም ከዚህ አይለይም፡፡ እኔን ብዙ ጊዜ የሚያከራክሩኝ የኳስ ጨዋታ ፍንጮች ናቸው፡፡ ኳስ አውቃለሁ የማይል ሰው የለም፤ ቃሉን በሳጥን ልክ አስቀምጥ ሲባል ግን ይቸገራል፡፡ ስለዚህ ለፈቺም ለአዘጋጅም ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ጥቂት ቃላት እነሆ፡፡

አስቀድሞ የፊደላችን ነገር፡፡ በእኛ ፊደል አንድ ሳጥን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይይዛል፡፡ ስለዚህ ቃሎቻችን ያጥራሉ፤ አንድ ፍንጭም ብዙ መልስ ያገኛል፡፡ «ኳስ መረብ ውስጥ ሲገባ የሚቆጠር» ለሚል ባለ 2 ሳጥን ፍንጭ «ጎል»ም «ግብ»ም ልክ ነው፡፡ የሚፈርደው የሚያቋርጠው ቃል ብቻ ነው፡፡

ዳኛ (2 ሳጥን)፡ «ፈራጅ» የሚለው ፍንጭ ለችሎትም ለሜዳም ይሆናል፡፡ ልዩነቱ ይግባኝ ላይ ነው፡፡ በእግር ኳስ ሕግ ጨዋታውን በሚመለከት ፍሬ ነገር ላይ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፡፡ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2018 በጨዋታው ሕግ ከተካተተ በኋላም የመጨረሻው ቃል የዋናው ዳኛ ነው፡፡ «ባለ ፉጨት ፈራጅ» ቢባል ግን የሚከራከር አይኖርም፡፡

በረኛ (3 ሳጥን)፡ ቃሉ ከ«በር» የወጣ ነው፡፡ የግቢ በር ጠባቂም በረኛ ስለሚባል «በር ጠባቂ» የሚል ፍንጭ ሁለቱንም ይይዛል፡፡ «በእጁ ኳስ ቢይዝ የማይቀጣ» ቢባል ይጠራል፤ በራሱ የቅጣት ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ማለት ነው፡፡

ፍጹም ቅጣት ምት (8 ሳጥን)፡ ከ11 ሜትር ርቀት የሚመታ፡፡ ሳጥኑ 4 ከሆነ «ፔናልቲ»፣ 3 ከሆነ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣውን «ሪጎሬ» ይሞክሩ፡፡ እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ችግር አለ፡፡ «ፍጹም» በ«ጹ» ነው ወይስ በ«ፁ»? አዘጋጁ የቱንም ይምረጥ፤ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ሁለቱን አያቀላቅል፡፡

ቴስታ፣ ካልቾ፣ ማልያ (እያንዳንዳቸው 3 ሳጥን)፡ ሦስቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ስለሆኑ «የጣሊያን ቃል» ብሎ መፍንጨት ፈቺን ማደናገር ነው፡፡ ቴስታ በራስ መምታት፣ ካልቾ በእግር መምታት፣ ማልያ የተጫዋች ልብስ ነው፡፡ ጣሊያኖች ጨዋታውንም «ካልቾ» ይሉታል፤ እኛ የወሰድነው ምቱን ብቻ ነው፡፡

ቅርጫት ኳስ (6 ሳጥን)፡ ስሙ ታሪኩን ይናገራል፡፡ ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጨዋታውን ሲጀምር የሰቀለው የኮክ ፍሬ ቅርጫት ነበር፡፡

መረብ ኳስ (5 ሳጥን)፡ እንግሊዝኛው ኳሱ መሬት ሳይነካ መመታቱን ይዞ ሰየመው፤ አማርኛው መረቡን አየ፡፡ ይሁንና «በመረብ የሚለያዩ ተጫዋቾች ጨዋታ» የሚል ፍንጭ ለቴኒስም ይሆናል፡፡ «በየወገኑ ስድስት ሆነው» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል፡፡

ሩር (2 ሳጥን)፡ በገና ጨዋታ በዱላ የሚመታው ኳስ፡፡ 3 ሳጥን ከሆነ «ጥንግ»፡፡ ዱላው ራሱ እንደ ጨዋታው «ገና» ይባላል፡፡

በዚህ የመጨረሻው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፡፡ የከተማ ልጅ በየሳምንቱ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ እያየ «ኦፍሳይድ»ን ያለ አስተርጓሚ ይረዳል፡፡ «ሩር»ን ግን ማን ይነግረዋል? ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት፣ መቆጣት ነውር የሆነበት የራሳችን ጨዋታ ቃል ነው፡፡ የውጭ ቃላት ይውጡልን ማለቴ አይደለም፤ «ጎል»ን ማን ከአፋችን ያወጣዋል? ነገር ግን ሰው መዝገበ ቃላትን የሚገልጠው ሲቸግረው ነው፤ አግድምና ቁልቁልን ግን ቡና እየጠጣ በፈቃዱ ይሞላዋል፡፡ አዘጋጆች በየሰንጠረዡ አንድ የተረሳ ቃል ቢያስገቡና የሚያቋርጡትን ቃላት ቀላል ቢያደርጉለት፣ ፈቺው ቃሉን ባያውቀው እንኳ ይደርስበታል፡፡ ፍንጩ ግን የጠራ ይሁን፤ የተሳሳተ ትርጉም አንዴ በእስክሪብቶ ከተሞላ ለመፋቅ ያስቸግራል፡፡