የአያቴ ምንሽርና የአጎቴ ልጅ መዝገብ



በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በመስቀሉና በአሮጌው ፎቶግራፍ መካከል፣ አንድ ምንሽር ተሰቅሎ ነበር። አያቴ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የታጠቁት ነው። በበዓል ዋዜማ ይወለወላል፤ ሠርግ ሲሆን ይወርዳል፤ ለቅሶ ሲሆን ይዘቀዘቃል። ልጅ ሳለሁ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ከዚያ ጠመንጃ ጋር አብሮ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኚሁ ሰው የልጅ ልጅ፣ የአጎቴ ልጅ፣ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ ሲፈተሽ ሽጉጥ ተገኘበት። መምህር ነበር። ሽጉጡ የሟች አባቱ ሲሆን፣ ይዞት የወጣው መንገዱ ዘራፊ በዝቶበታል ስለተባለ ነው። አባቱ ፈቃድ ነበራቸው፤ ወረቀቱንም ከሽጉጡ ጋር አጥፎ ይዞት ነበር። ዳኛው ወረቀቱን አይተው የተናገሩት አጭር ነበር፦ ፈቃዱ የተሰጠው ለአባትህ እንጂ ለአንተ አይደለም፤ ፈቃድ እንደ መሬት አይወረስም።

ከግድግዳው ወደ መዝገቡ እንዴት እንደ ደረስን ማሰብ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

በአገራችን ጠመንጃ ለረጅም ዘመን የወንጀል ምልክት ሳይሆን የግዴታ ምልክት ነበር። የዐፄ ምኒልክ ክተት ሲታወጅ ባለጠመንጃው ጠመንጃውን፣ ባለጦሩ ጦሩን ይዞ ወጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት መሣሪያ ከፈረንሳይ፣ ከሩስያ፣ ከራሷ ከኢጣሊያም ጭምር የተሰበሰበ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1890 የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት፣ የባሪያ ንግድን ለመግታት በሚል፣ ከሰሜን 20 ዲግሪ እስከ ደቡብ 22 ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ክፍል የጦር መሣሪያ ንግድን በጥብቅ ገድቦ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያ ክልል ውስጥ ነበረች። እንግዲህ «ሕገ ወጥ መሣሪያ» የሚለው አስተሳሰብ ወደኛ ሲመጣ ሕጉን የጻፈው ባዕድ ነበር፤ የአገሬው ሰው በጥርጣሬ ቢያየው አያስደንቅም።

ጥርጣሬውን ያጸናው ወረራው ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1936 ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም የሚማረኩ «ዐመፀኞች» ሁሉ እንዲረሸኑ አዘዘ። ጠመንጃ ይዞ መገኘት ነፍስን ያስከፍል ጀመር። አያቴ ምንሽሩን ቅቤ ቀብተው፣ በቆዳ ጠቅልለው፣ በበረት ሥር ቀብረውት ነበር ይባላል። ነጻነት ሲመለስ ግን ያ የተቀበረ ብረት የክብር መታወቂያ ሆነ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አንዱ ጠመንጃ ሞትንም ሽልማትንም አስገኘ ማለት ነው።

ደርግም ይህንኑ ትምህርት በሌላ መልኩ ደገመው። ለገበሬ ማኅበራትና ለቀበሌ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሣሪያ ያደለው መንግሥት፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቤት ለቤት በረበራት። በዚያ «አሰሳ» የሚፈለገው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና ማባዣም ይለቀም ነበር። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው መሣሪያውን በሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ጣለ፤ ያልጣለው ደግሞ ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። ልብ በሉ፤ የሚያስቀጣው ብረቱ ራሱ ሳይሆን የያዘው ሰው ማንነት ነበር።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 የተከለከለ የመሣሪያ ዝውውርን ይቀጣል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጣ። ጉዳዩን ራሱን በቻለ ሕግ አደራጅቶ ፈቃድን ግዴታ አደረገ። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲቃረብ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ተነገረው። ለዘመናት ያልተመዘገበ ነገር በሁለት ቀን! መንግሥት መሣሪያ የሚቆጥረው በሰላሙ ጊዜ ሳይሆን በፍርሃቱ ጊዜ ከሆነ፣ ዜጋው ምዝገባን ከመወረስ ለይቶ ሊያይ አይችልም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአጎቴ ልጅ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ታሪክ ምክንያትን ያስረዳል እንጂ ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። ያለ ፈቃድ የተያዘ ሽጉጥ በገበያ፣ በጠላ ቤት፣ በድንበር ጠብ መካከል ስንቱን ቤት እንደ ዘጋ የማያውቅ የለም። እርሱም ራሱ «ማንንም አልጎዳሁም» ቢልም፣ ሕግ የሚጠብቀው ጉዳቱ እስኪደርስ እንዳልሆነ የሚያውቅ የተማረ ሰው ነበር።

የከፈለው ዋጋ ግን በፍርድ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ዋስትና እስኪፈቀድለት ሳምንታት አለፉ፤ በዚህ መሐል ከሥራ ቀርቷል ተብሎ ተሰናበተ። እናቱ ለጠበቃ ሲሉ ሁለት በሬ ሸጡ። የእስራቱ ዘመን አጭር ነበር፤ ሽጉጡም ተወረሰ። ከወጣ በኋላ ባሕር ማዶ ሥራ አግኝቶ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ሲጠየቅ ሊያቀርብ አልቻለም። እጮኛው ሁለት ዓመት ጠበቀችው፤ በሦስተኛው ቤተሰቦቿ ለሌላ ዳሯት። ዘራፊውን ግን እስከ ዛሬ አላየውም። ይጠብቀኛል ብሎ የታጠቀው ሽጉጥ የወሰደበትን ያህል ማንም ሽፍታ ሊወስድበት አይችልም ነበር።

እንግዲህ የሁለት ወገን ዕዳ አለ። የመንግሥት ዕዳ፣ ምዝገባውን በሰላም ጊዜ፣ በቂ ቀን ሰጥቶ፣ ለወዳጅም ለተቃዋሚም በእኩል ማካሄድና ሰው ያለ ሽጉጥ የሚሄድበትን መንገድ መጠበቅ ነው። የእኛ ዕዳ ደግሞ የአባቶቻችንን ክብር ከብረታቸው ለይተን መውረስ ነው።

ከዚያ መዝገብ በኋላ አጎቶቼ ተመካክረው ምንሽሩን ከግድግዳው አወረዱትና ለፖሊስ አስረከቡ። የተቀበላቸው ወጣት በመዝገቡ ላይ «አንድ አሮጌ ጠመንጃ» ብሎ ጻፈ። ታላቁ አጎቴ ብዙ ሊናገሩ ፈልገው ነበር፤ ሆኖም ፈርመው ወጡ። እኔም ያን ዕለት ከእርሳቸው ጋር ነበርኩ። አዝኛለሁ፤ ግን ትክክል ሠሩ እላለሁ።

ቸር እንሰንብት።