የገሊላ ባሕር አሮጌ ታንኳ

የቀድሞ ሰዎችን ታሪክ ስንመረምር አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የነገሥታትን ሐውልትና የመኳንንትን ሕንፃ ነው፤ የድኻ ሰው ዕቃ ግን ከባለቤቱ ጋራ ያልፋል። ስለዚህ የዓሣ አጥማጆች መሥሪያ የነበረች አንዲት ታንኳ 2000 ዓመት ያህል ቈይታ መገኘቷን ልብ ብለን ልንመለከተው ይገባናል።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በእስራኤል አገር ድርቅ ሆኖ የገሊላ ባሕር ውሃ ከዳርቻው ሸሸ። በጊኖሳር የሚኖሩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ወንድማማቾች በተገለጠው ጭቃ ውስጥ የታንኳ ቅርጽ አዩ። ሊቃውንቱ እንጨቱን መርምረው በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ የተሠራች መሆንዋን አረጋገጡ። ርዝመትዋ ከ8 ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ስፋትዋ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በወንጌል የምናነባቸው አጥማጆች በዚሁ ባሕር ላይ ይሠሩ ስለ ነበር የሐዋርያት ታንኳ ናት የሚሉ አልጠፉም። ይህን የሚያስረዳ ምስክር ግን የለም።

አሠራርዋ የባለቤቶቿን ኑሮ ይናገራል። ሳንቃዎቿ ጠርዝ ለጠርዝ እየተፈለፈሉ በእንጨት ምላስ ተጋጥመዋል። የሳንቃው አብዛኛው ዝግባ፣ ማገሩም ባሉጥ ቢሆን፣ በጠቅላላው 12 ዓይነት እንጨት ተገኝቶባታል፤ በአገራችን ሾላና ቁርቁራ የምንላቸው ዛፎች ሳይቀሩ አሉበት። ከሥርዋ የሚያልፈው ዋና እንጨት እንኳ አንዱ ክፍል ከሌላ አሮጌ ታንኳ የተወሰደ ነው። አጥማጆቹ ባረጀ ቍጥር እየጠገኑ ሠሩባት፤ በመጨረሻም የሚጠቅመውን ዕቃ ፈትተው አስቀርተው የቀረውን አካልዋን ተዉት። ጭቃው ነፋስ ከልክሎ ጠበቃት።

ነገር ግን ከጭቃው መውጣትዋ ራሱ አደጋ ሆነ። እንጨቱ ውስጡ በውሃ ተሞልቶ ስለ ኖረ፣ ቢደርቅ ተኰማትሮ ይፈራርስ ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ዝናብ ወርዶ ባሕሩ ይመለስ ጀመር። ስለዚህ ሠራተኞቹ ግድብ ሠርተው፣ ሌሊትና ቀን እየቈፈሩ፣ እንጨቱንም ውሃ እያርከፈከፉ፣ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አወጧት። እንዳትሰበር ፖሊዩሪቴን በሚባል ዐረፋ ከውስጥም ከውጭም ሸፍነው በባሕሩ ላይ አንሳፍፈው ወሰዷት። ከዚያም ውሃው ጥቂት በጥቂት እንዲለቅና ሰም መሰል ኬሚካል በቦታው እንዲገባ፣ ብዙ ዓመታት በገንዳ ውስጥ አኖሯት። ዛሬ በጊኖሳር ቤተ መዘክር ትታያለች።

እንግዲህ ማውጣቱ የጥቂት ቀናት፣ መጠበቁ የብዙ ዓመታት ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እኛም ብራናም ሆነ ንዋየ ቅድሳት ወይም አሮጌ መዝገብ ከኖረበት ስፍራ ለማንሣት ስናስብ፣ አስቀድመን የሚቀመጥበትን ቤትና የሚጠብቀውን ሰው ብናሰናዳ መልካም ነው። ያለዚያ ዘመን ያላጠፋውን እኛ በችኰላ እናጠፋዋለን።