ባቡር ያደረባት ከተማና የሻጮቿ እናቶች ታሪክ

ከአዋሽና ከሰመራ ተሰባስበን ስለ ከተሞቻችን ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። እንግዳ አንድን ከተማ የሚጎበኘው ለምንድን ነው? አንዳንዶቻችን ውበቱን አይቶ ነው እንላለን። ታሪኩን ስናየው ግን ከውበቱ በፊት የሚያስቆም ምክንያት ይቀድማል።

አዋሽን እንውሰድ። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእንፋሎቱ ባቡር ሌሊት ስለማይጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ያደረ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ አልጋ ይፈልጋል። ከጣቢያው ጎን ያለው ቡፌ የተከፈተው ለዚህ ነው፤ ለብዙ ዘመን ያስተዳደረችውም አንዲት ግሪካዊት ሴት ናት። በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል የመጡት የውጭ እንግዶች ያለፉት በዚሁ መስመር ነው።

ከእነዚያ እንግዶች መካከል አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ተመልሶ መጣና የአዋሽ ወንዝ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ከአዋሽ ጣቢያ በግመልና በእግር ተነሣ። አውሳ ገብቶ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ተገናኘ፤ ወንዙም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ አረጋገጠ። ለአፋር ሰው ይህ ግኝት አልነበረም፤ ከብቱን የሚያጠጣበትን ውኃ መጨረሻ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሩቅ አገር እንሻገር፤ የጎብኚ ከተማ ነገር እዚያም በባቡር የተጀመረ ነውና። በስኮትላንድ፣ ከኤድንብራ በስተ ምሥራቅ በባሕር ዳር ኖርዝ ቤሪክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ የምትታወቀው በጎልፍና በመርከብ ቀዘፋ ነው። ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው። የከተማዋ የጎልፍ ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው፤ ባቡሩ የገባው ደግሞ በ1850። ከዚያ በኋላ የኤድንብራ ሀብታሞች በበጋ እየመጡ ያርፉባት ጀመር። ጀልባ ድሮ ለዓሣ ማጥመጃ ነበር፤ ኋላ መዝናኛም ሆነ።

በዚያው ባሕር ዳርቻ ሴቶች ምን ይሠሩ ነበር? ዓሣውን የሚያጸዱት፣ ጨው የሚነሰንሱበት፣ በቅርጫት በጀርባቸው አዝለው እየዞሩ የሚሸጡት እነሱ ነበሩ። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ በሚገኝበት ወቅት ሦስት ሦስት ሆነው ተቧድነው ወደብ ለወደብ እየተዘዋወሩ ይሠሩ ነበር፤ ማኅበር ማለት ይህ ነው። እዚያው አቅራቢያ ባለችው በመስልበርግ እ.ኤ.አ. በ1811 የጎልፍ ክለቡ ለዓሣ ሻጭ ሴቶች ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ለአሸናፊዋ የተሰጣት ምን ይመስላችኋል? አዲስ የዓሣ መሸከሚያ ቅርጫትና የትከሻ ልብስ! ለጨዋታ ጠርተው የሥራ ዕቃ ሸለሟት። ስናነበው ሳቅንም አዘንንም። ያም ሆኖ ውድድሩ በጽሑፍ ስለተያዘ እነዚያ ሴቶች እንደነበሩ ዛሬ እናውቃለን።

ወደ አዋሽ እንመለስ። ባቡሩ ሲያፏጭ ወደ መስኮቱ የሚሮጡት እነማን ነበሩ? የፍየል ወተት፣ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ ቆሎ፣ ሻይ የያዙ ሴቶችና ልጆቻቸው። ከድሬዳዋ ጨርቅና ልብስ በመቀመጫ ሥር ደብቀው የሚመጡትም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ኬላው ላይ ፈታሽ ሲገባ ዕቃው ከአንዷ ጭን ወደ ሌላዋ ነጠላ ሥር ይተላለፋል። ሕግ መጣስ ነው፣ አንክድም፤ ግን በዚያ ገንዘብ የተማረ ልጅ ስንት እንደሆነ የሚቆጥር ቢገኝ! በበረሃው ደግሞ ቤቱን ራሱን የምትሠራው የአፋር ሴት ናት፤ እንጨቱን ጎብጣ የምታቆመው፣ ሰሌኑን የምትሠራው፣ ሲሰደዱ ነቅላ ግመል ላይ የምትጭነው እሷ። በእጃችን በገቡት የተጓዦች መጻሕፍት ሱልጣኑ፣ ጠመንጃውና ግመሉ በዝርዝር ተጽፏል፤ ወተት የሸጠችላቸው ሴት ስም ግን አላገኘንም።

ሊቶሪናውና የናፍጣው ባቡር ሲመጡ መንገዱ አጠረ፤ አዋሽ ማደርም ቀረ። በ1958 ዓ.ም. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ሳላውንና ፏፏቴውን ለማየት የሚመጣ ሌላ እንግዳ ተገኘ። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ዕቃ ከአሰብ ይልቅ በጂቡቲ ሲገባ ሎጊያና ሚሌ ላይ የሚቆመው የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። አሮጌው ባቡር ፀጥ ሲል የመስኮቱ ገበያም አብሮ ፀጥ አለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ያልፋል።

ሰመራ ግን ማንም ስላደረባት አልተወለደችም። የክልሉ ዋና ከተማ ከአሳኢታ ወደዚህ እንዲዛወር ተወስኖ በባዶ ሜዳ ላይ የተሠራች ናት። በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዋ ሥራ ጀመረ፤ አውሮፕላን ማረፊያዋም በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም ተሰየመ። ወደ ኤርታሌና ዳሎል የሚሄድ ጎብኚም በዚች ከተማ ያልፋል። ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ሲፈልግ ቡናውን የምታፈላለት፣ ቀዝቃዛ ውኃ የምታቀርብለት ሴት ናት፤ ይህን ጽሑፍ ከምናነበው መካከል ጥቂት አይደለንም።

በአዋሽ ጣቢያ የሸጡ እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። በየቤታቸው እየሄድን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ባቡሩ በስንት ሰዓት ይገባ ነበር? አንድ ጣሳ ወተት ስንት ሳንቲም ነበር? የማን ልጅ ናችሁ? እንዲጻፍ የምትፈልጉት ስም የትኛው ነው?