የንግድ ወሬ በአሶሳ፤ ከጀላባ እስከ አጭር የጽሑፍ መልእክት

የቤኒ ሻንጉል ንግድ ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ወርቁን ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው ወርቁን ሳይሆን ወሬውን ነው፤ ይኸውም ስለ ዕቃና ስለ ዋጋ የሚነገረው ቃል ቀድሞ በማን እጅ እንደ ነበረና፥ የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ ወደ ማን እንደ ዞረ ነው።

ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ገደማ አገሩን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ካጠቃለሉ በኋላ፥ በአሶሳ ላይ የገነኑት ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ከሱዳን ወገን የሚመጡት፥ ጀላባ የሚባሉት ነጋዴዎችም ጨርቅና ዶቃ አምጥተው ወርቅ ይወስዱ ነበር፤ የሰው ልጅም በዚያው መንገድ ተሽጦ ይነዳ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ወርቁን ከወንዝ አጥቦ ያወጣው ሰው የሩቁን ገበያ ዋጋ የሚሰማው በአብዛኛው ከዚያው ከገዢው አፍ ነበር። ገዢ ራሱ ወሬ ነጋሪ በሆነበት ገበያ ሻጭ ምን ያኽል እንደሚጎዳ ለመረዳት ብዙ ምርምር አያሻም።

አጭር የጽሑፍ መልእክት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው በእንግሊዝ አገር በኅዳር 1985 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፥ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ቆየ። ስለዚህ የመልእክቱ የንግድ ታሪክ በአገራችን የሚጀምረው በውነቱ ከ2000 ዓ.ም. ነው ብንል አንሳሳትም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ፤ ቈይቶም የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በስልክ ያሳውቅ ጀመር። ሰሊጥ ለሚዘራ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዋጋውን ከገዢ ሳይጠይቅ የሚያውቅበት መንገድ ተገኘና።

ይሁን እንጂ አጫጭሮቹን ቍጥሮች ይዘው ለብዙ ሰው የሚናገሩት ታላላቆቹ ናቸው። ለምሳሌ በዚሁ ክልል በጉባ ለተሠራው ለሕዳሴ ግድብ በ8100 ከሕዝብ ገንዘብ ተሰብስቧል። በአሶሳ ከተማ ጨርቅ ወይም ማር የሚሸጥ ባለሱቅ ግን ለራሱ እንዲህ ያለ ቍጥር ማውጣት አይቀለውም። ለእርሱ የቀረለት ስልካቸውን ለመዘገባቸው ደንበኞች አንድ በአንድ መጻፍ ነው።

በምን ፊደል ይጻፍ? አንድ መልእክት በላቲን ሆሄ 160፥ በግእዝ ወይም በዐረብ ፊደል ግን 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቈጠራል። ከዚህ የተነሣ አማርኛን በላቲን መጻፍ ይረክሳል የሚሉ አሉ። እኛ ግን አቤቱታው የተጋነነ ይመስለናል። «ከነገ ጀምሮ የተበጠረ ሰሊጥ አሶሳ ገበያ በር ካለው ሱቃችን እንሸጣለን» የሚለው ከነክፍት ቦታው 44 ብቻ ነው፤ ለዋጋና ለስልክ ቍጥር 26 ይተርፋል። አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ 70ው የሚመስለውን ያኽል ጠባብ አይደለም። የቀድሞዎቹ ስልኮች ግእዝን ማሳየት ተስኗቸው ባዶ ሣጥን መደርደራቸው ከዋጋው ይልቅ የከፋ እንቅፋት ነበር።

ከፊደሉም የሚብሰው ቋንቋው ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፥ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ የሰፈሩት ሰዎችም ይናገሩታል። የበርታ ቋንቋ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከበርታው ሌላ ጉሙዙ፥ ሽናሻው፥ ማኦውና ኮሞው አለ። ማንበብ ለማይችለውማ ፊደሉ የትኛውም ቢሆን አንድ ነው። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተከፈተው የ8028 መሥመር ምክሩን በተቀዳ ድምፅ ማሰማቱ ይህን የተገነዘበ ይመስላል። የአሶሳም ባለሱቅ መልእክቱን ጽፎ የሚተው ከሆነ፥ ከገጠር የሚመጣው ደንበኛው ዋጋውን እንደ ጥንቱ ከደላላ አፍ ይሰማል።

በመጨረሻም መሥመሩ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ዞኖች ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በነቀምትና በመንዲ አሶሳ የሚደርሰው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በዚያው አገር ነው። በእነዚያ ወራት በመንዲ ላለ ደንበኛው ሊጽፍ የፈለገ የአሶሳ ነጋዴ የነበረው አማራጭ ቃሉን ለመኪና ነጂ ማስያዝ ነበር።