ላንዛሮቴ፦ እሳተ ገሞራ የጎዘጎዘው እርሻ

ባለፈው በጋ እናቴ ግቢ ያለውን የጎመን መደብ በጤፍ ጭድ ሸፈንኩት። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። መጎዝጎዝ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን በበዓል ቀን ወለል ላይ የሚበተነው ቄጤማ ነው። በግብርናው ግን አፈር እንዳይደርቅና አረም እንዳይበዛ ላዩ ላይ የሚለብሰው ነገር ሁሉ «ጉዝጓዝ» ይባላል፤ ጭድም ይሁን ደረቅ ሣር፣ የረገፈ ቅጠልም ይሁን የእንጨት ፍቅፋቂ።

የእኔ ጉዝጓዝ ብዙ አልቆየም። ምስጥ ገባበት፣ የተረፈውን ደግሞ በግ ጨረሰው። «ምስጥም በግም የማይበላው ጉዝጓዝ የለም ወይ?» ብዬ ማንበብ ስጀምር ያረፍኩት አንድ ደሴት ላይ ነው።

ላንዛሮቴ ከሞሮኮ ጠረፍ ወደ 125 ኪሎ ሜትር ርቃ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የስፔን ደሴት ናት። የምታገኘው ዝናብ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ነፋሱም ፋታ የለውም። እንዲያም ሆኖ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገበሬዎቿ ስንዴና ገብስ ያመርቱ ነበር፤ ዝናብ ደህና በጣለበት ዓመት ለጎረቤት ደሴቶችም ይልኩ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1730፣ ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት መካከል፣ ቲማንፋያ በሚባለው ስፍራ መሬት ተከፈተች። የያይዛ መንደር ቄስ አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ ያዩትን ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ ስለዚያ ምሽት ብዙም ባላወቅን ነበር። ፍንዳታው አንዴ እያረፈ፣ አንዴ እየተነሣ እስከ ኤፕሪል 1736 ዘለቀ። ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ማለት ነው! መንደሮች ከነእርሻቸው ቅልጥ ድንጋይ ውስጥ ቀሩ። 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የደሴቷ ሩብ ሊሆን ምንም ያልቀረው መሬት፣ ተሸፈነ። ከዚያም ውስጥ ምርጥ የሚባለው የእህል መሬት ነበረበት። ብዙ ሰው ወደ ፉዌርቴቬንቱራና ወደ ግራን ካናሪያ ተሰደደ።

የቀሩት ምን ይብሉ?

ቅልጥ ድንጋዩ የፈሰሰበት ቦታ አበቃለት፤ እስከ ዛሬም ጥቁር ዓለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፊ መሬት ላይ የዘነበው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ሰዎቹ «ፒኮን» የሚሉት፣ ምስርና ሽንብራ የሚያካክል፣ ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ጠጠር። ገበሬዎቹ መጀመሪያ እንደ መርገም ቢያዩት አይገርምም። ኋላ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ጠጠሩ ስስ ሆኖ ባረፈበት ቦታ ከሥር የበቀለው ተክል አልሞተም፤ ጭራሽ ባዶ አፈር ላይ ካለው ይልቅ ለመለመ።

ጠጠሩ በወፈረበት፣ በተለይ ላ ሄሪያ በተባለው አካባቢ፣ አሮጌው አፈር እስኪገኝ ድረስ እንደ ማጥለያ የጠበበ ጉድጓድ ቆፈሩ። አንዳንዱ እስከ ሦስት ሜትር ይጠልቃል። ታችኛው ጫፍ ላይ አንድ የወይን ግንድ ወይም አንድ በለስ ይተከላል፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ደግሞ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የድንጋይ ካብ ይሠራል። ጠጠር ያልደረሰበት መሬት የነበራቸው ገበሬዎችም ጠጠሩን በግመል እያጋዙ እርሻቸው ላይ ማልበስ ጀመሩ። ልብ በሉ፣ እርሻ ያጠፋውን ነገር ተሸክመው ወስደው እርሻቸው ላይ ደፉት!

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማብራሪያ አለ። «የእሳተ ገሞራ አፈር እኮ ለም ነው» ይባላል። አባባሉ በጥቅሉ እውነትነት አለው፤ ለላንዛሮቴ ግን አይሠራም ባይ ነኝ። ትኩስ የወደቀ ጠጠር ገና አፈር አልሆነም፤ ድንጋይ ነው። ተሰባብሮ ማዕድኑን ለሥር እስኪለቅ ዘመናት ይፈጃል። ደግሞስ ለሙ ነገር ጠጠሩ ቢሆን ኖሮ እዚያው ላዩ ላይ ይተክሉ ነበር እንጂ ሦስት ሜትር ለምን ይቆፍራሉ? የሚመግበው ከሥር የተቀበረው አሮጌ አፈር ነው። ፒኮን አይመግብም፤ ይከድናል።

መክደኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ኩራዝ አስቡ። ላምባው ከታች ነው፤ ነበልባሉ ከላይ። በመካከል ያለው ክር ውስጥ በጣም ጠባብ ክፍተቶች ስላሉ ላምባው በእነሱ እየተሳበ ይወጣል። ደቃቅ አፈርም እንደ ክሩ ነው። ፀሐይና ነፋስ የላዩን እርጥበት ሲወስዱ ከሥር ሌላ ውሃ ተስቦ ይተካል፤ ያም ይተናል። አሁን አፈሩ ላይ ሸካራ ጠጠር ደርቡበት። በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ውሃን ለመሳብ በጣም ሰፊ ነው፤ ክሩ ተበጠሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው መውጣት የሚችለው ተን ሆኖ፣ ነፋስ በማይደርስበት የጠጠር ንጣፍ ውስጥ ቀስ እያለ ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያው ሰፊ ክፍተት ውሃውን ሳያግድ ወደ ታች ያሳልፈዋል። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ የሆነ በር ነው፤ ምህንድስና ተምሬ ከዚህ የቀለለ መሣሪያ ብዙ አላየሁም። (ጠጠሩ ሌሊት ጤዛ ይሰበስባል የሚል ታሪክም አለ፤ ዋናው ሥራ ግን ትነትን መግታቱ ነው።)

ነፃ ግን አይደለም። ጠጠር ስለማይመግብ ገበሬዎቹ መጀመሪያ ፍግ አንጥፈው ነው ከአንድ ስንዝር ያነሰ ፒኮን የሚያለብሱት። አፈርና ጠጠር በጊዜ ብዛት ከተደባለቁ ክሩ ተመልሶ ይቀጠላል፤ ጠጠሩን አንስቶ እንደገና ማልበስ ነው። እንደ ልብ አይታረስም፣ አብዛኛው ሥራ በእጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቱሪዝም የተሻለ ደመወዝ ይዞ ሲመጣ ብዙ ማሳ የተተወውም ለዚህ ነው።

ይህን ያወቁት የላንዛሮቴ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በቻይና ጋንሱ ግዛት ገበሬዎች ከ300 ዓመት በላይ ማሳቸውን በወንዝ ጠጠር ሲያለብሱ ኖረዋል። በ1944 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሄንሪ ዋላስ ላንዡን ሲጎበኝ የሜሎን ዘር ሰጥቷቸው ነበር፤ ያ ፍሬ ጠጠሩ ላይ ተስማምቶት የከተማዋ መታወቂያ ሆነ።

ወደ እናቴ ጎመን ልመለስ። ቢሾፍቱ አካባቢ ከኮረብታ ተቆፍሮ ለግንባታ የሚሸጠው፣ የግንባታ ሰዎች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀይ ቀላል ጠጠር የፒኮን የቅርብ ዘመድ ነው። ታዲያ ሁሉ ሰው ጭዱን ጥሎ ጠጠር ያልብስ? አይደለም። ጭድ በስብሶ አፈሩን ይመግባል፤ ለጎመንና ለሰላጣ፣ ምስጥ ከሌለ፣ እኔ አሁንም ጭድ እመርጣለሁ። በየጊዜው ለሚነቀልና ለሚቆፈር መደብ ጠጠር ጣጣ ነው፤ ይደባለቃል። ለሎሚ፣ ለጽጌረዳ፣ ለሮዝመሪ፣ ማለትም አንዴ ተተክሎ ለዓመታት ለሚቆይ ነገር ግን ጠጠሩ ይበልጣል። ደቃቁን በወንፊት አውጡለት፤ ዱቄቱ ከቀረ ራሱ ክር ይሆናል። ግንዱንም አታስነኩት፤ ቀን ፀሐይ ላይ ይግላል።

እኔን ከማመን ግን መመዘን ይሻላል። አራት እኩል ጣሳ ውሰዱ፣ ሥራቸው ያልተበሳ። እኩል አፈርና እኩል ውሃ ጨምሩ። አንዱን ባዶውን ተዉት፣ አንዱን ጭድ አልብሱት፣ አንዱን የተነፋ ጠጠር፣ አንዱን ከወንፊቱ ሥር የቀረውን ዱቄት። ከዚያ በየቀኑ በኩሽና ሚዛን መዝኑ፤ የሚቀንሰው ክብደት የተነነው ውሃ ነው። አራተኛው ጣሳ ከየትኛው ጎን እንደሚሰለፍ እኔም እየጠበቅኩ ነው፤ የእኔ አራቱ መስኮት ላይ ከተደረደሩ ዛሬ ሁለተኛ ቀናቸው ነው።