ውንብድናና ቅጣቱ በጠፈር ጨዋታ ዓለም፤ የ«ኢቭ ኦንላይን» ሕግ አመጣጥ ታሪክ

በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኮምፒውተር አማካይነት በአንድነት የሚጫወቱበት ዓለም ሲፈጠር፣ ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚያሻው ጥያቄ የሥዕሉ ውበት አይደለም። አንዱ ተጫዋች የሌላውን ንብረት ሊነጥቅ ይችላልን? ቢነጥቅስ ምን ይከተለዋል? የሚለው ነው። ውንብድና ፈጽሞ በታገደበት ዓለም ጭነት የሚያጓጉዝ ነጋዴ ሥጋት ስለማያውቅ ትርፉም ጣዕም ያጣል። ያለ ገደብ በተፈቀደበት ዓለም ደግሞ አዲስ ገቢው ገና መርከብ መንዳት ሳይለምድ ተዘርፎ ይሸሻል፤ እርሱ ከሸሸም ወንበዴው ራሱ የሚዘርፈው አጥቶ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ «ሽፍታ» በሚለው ፈንታ «ወንበዴ» የሚለው ቃል የተመረጠው፣ በአማርኛ ሽፍታ ሲባል በደልን ሸሽቶ ዱር የገባውም ሰው ስለሚታሰብ ነው። የጠፈሩ ወንበዴ ግን የሚዘርፈው ስለሚያተርፍበት ወይም ስለሚያስደስተው እንጂ ስለ ተበደለ አይደለም።

የጉዳዩ መነሻ ከኢንተርኔት መስፋፋት ይቀድማል። በ1984 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች «ኤሊት» የተሰኘውን የጠፈር ንግድ ጨዋታ ለቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተር አዘጋጁ። ተጫዋቹ ሰላማዊ ነጋዴን ቢያጠቃ ስሙ ከ«ንጹሕ» ወደ «ጥፋተኛ»፣ ከዚያም ወደ «ተፈላጊ ወንጀለኛ» ይወርድና የፖሊስ መርከቦች ያሳድዱታል። ሆኖም በዚያ ሰማይ ከተጫዋቹ በቀር ሰው አልነበረም፤ ተዘራፊውም ፖሊሱም የኮምፒውተሩ ሥራ ስለ ነበሩ በእውነት የሚበደል አልነበረም። በዳይም ተበዳይም ሰው ሲሆኑ ነገሩ እንደሚለወጥ በ1997 ዓ.ም. የወጣው «አልቲማ ኦንላይን» አሳየ። ይህ ጨዋታ የጠፈር ሳይሆን የጥንት ባላባቶችና የአስማት ዓለም ነው። በተጫዋቾች መካከል የሚፈጸመው ግድያና ዘረፋ ብዙዎችን ስላስመረረ፣ አዘጋጆቹ በ2000 ዓ.ም. ዓለሙን በሁለት ከፍለው በአንደኛው ያለ ፈቃድ መገዳደልን ከለከሉ። በርግጥ ሰላም ወረደ፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ተሸሸ እንጂ አልተመለሰም።

ሦስተኛውን መንገድ የሞከረው የአይስላንዱ ሲሲፒ ኩባንያ ነው። መቀመጫው ሬይካቪክ የሆነው ይህ ድርጅት በግንቦት 2003 «ኢቭ ኦንላይን»ን ለሕዝብ አቀረበ። ለቻይና ተጫዋቾች ተለይቶ ከተቋቋመው በስተቀር ተጫዋቾች ሁሉ የሚገናኙት በአንድ ሰማይ ውስጥ ነው። የወደመ መርከብ አይመለስም፤ ከጭነቱም ከፊሉ ይጠፋል፣ ከፊሉ ለቀማኛ ይተርፋል። ሰማዩ በደኅንነት ደረጃ ተከፋፍሏል፤ ከ0.5 እስከ 1.0 ያለው አካባቢ ፖሊስ የሚጠብቀው፣ ከ0.1 እስከ 0.4 ያለው ጥበቃው የላላ፣ ዜሮና ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ሕግ የሌለበት ነው። የማዕድኑና የሀብቱ ብልጫ የሚገኘው በአደገኛው ሥፍራ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ወደ ሥጋቱ የሚገባው ማንም ሳያስገድደው መሆኑ ነው።

በተጠበቀው ክልል ሕግ የሚያስከብረው «ኮንኮርድ» የተባለ የፖሊስ ኃይል ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ኮንኮርድ ወንጀልን አይከለክልም፤ የሚያደርገው መቅጣት ብቻ ነው። የሚደርሰው ጥቃቱ ከተጀመረ በኋላ ሲሆን፣ የመዘግየቱም መጠን በአካባቢው የደኅንነት ደረጃ ይወሰናል፤ በ1.0 ፈጥኖ፣ በ0.5 ዘግይቶ ይመጣል። ሲደርስ የወንበዴውን መርከብ ያወድማል፤ የተዘራፊውን ግን አይተካለትም። ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ግዳጁን መጨረስ የቻለ ወንበዴ የራሱን መርከብ እንደ ዋጋ ከፍሎ የፈለገውን ያገኛል ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ዋጋ እንኳ ሁልጊዜ አይከፈልም ነበር። በ2003 ዓ.ም. አንድ የወንበዴ ቡድን ተጓዦች የሚያልፉበትን የከዋክብት በር ዘግቶ ብዙ ሰው አስለቀሰ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ቡድን በዩላይ የፖሊሱን ጥቃት ተቋቁሞ መንገደኞችን እያወደመ ቆየ። እነዚህ ድርጊቶች ፖሊስ ከተሸነፈ ሕጉ ምክር ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ስላሳዩ፣ ኩባንያው ኮንኮርድን የማይሸነፍ አደረገው፤ ከቅጣቱ የሚያመልጡበትን ዘዴ መጠቀምም የጨዋታውን ደንብ እንደ መጣስ ተቆጠረ። በዚህም ሁለት ዓይነት ሕግ ተለየ። ሰውን መዝረፍ በጨዋታው ውስጥ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም የጨዋታው አካል ነው። ከቅጣቱ ማምለጥ ግን በኩባንያውና በደንበኛው መካከል የሚታይ ጥፋት ሆኖ ከጨዋታው እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። አንድ ሰው ወንበዴ መሆን ይፈቀድለታል፤ ዋጋ የማይከፍል ወንበዴ መሆን ግን አይፈቀድለትም። በጨዋታው ታሪክ ከዚህ የተሻለ ብልሃት የታየበት ውሳኔ ማግኘት ያስቸግራል።

ከመርከቡ መጥፋት ሌላ ወንበዴውን ስሙም ይከተለዋል። የደኅንነት ነጥቡ ከዜሮ በታች 2 ሲያልፍ በ1.0 ክልል የአካባቢው ጠባቂዎች ያሳድዱታል፤ 4.5 ሲያልፍ ጥበቃ ባለበት ክልል ሁሉ ያሳድዱታል። 5 ሲያልፍም ማንኛውም ተጫዋች ያለ ቅጣት ሊያጠቃው ይችላል። እዚህ ላይ የአገሪቱ የቆየ ልማድ ትዝ ይላል። በ930 ዓ.ም. ገደማ የአልቲንግ ሸንጎ በተመሠረተባት አይስላንድ ንጉሥም ፖሊስም ባለመኖሩ፣ ከባድ ጥፋተኛ በሸንጎ ከሕግ ውጭ ይደረግ ነበር። እንዲህ የተፈረደበትን ሰው ማንም ቢገድለው አይጠየቅም፤ ማብላትና ማሳደርም ክልክል ነበር። ዝምድናው ታስቦበት ይሁን አይሁን፣ ተመሳሳይነቱ ጉልህ ነው።

ይሁንና ወንበዴዎች ሂሳብ ያውቃሉ። መርከቡ በኮንኮርድ ለወደመበት ወንጀለኛ የጨዋታው ኢንሹራንስ ካሣ ይከፍለው ስለ ነበር፣ የቅጣቱ ከፊል ዋጋ ተመልሶ ኪሱ ይገባ ነበር፤ ይህም የተሻረው በኅዳር 2011 ነው። በሌላ በኩል የተዘራፊው ሸክም ይከብድ ነበር። በ2010 ዓ.ም. 74 የጨዋታ ጊዜ ማራዘሚያ ሰነዶችን የጫነች አንዲት ትንሽ መርከብ በታላቁ የገበያ ማዕከል በጂታ ተመታች። የሰነዶቹ ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብ ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር፤ ሁሉም አብረው ስለ ወደሙ ለዘራፊዎቹ እንኳ የተረፈ አልነበረም። በሚያዝያ 2012 ደግሞ አንድ ትልቅ ኅብረት በዚያው በጂታ የጭነት መርከቦችን በጅምላ አወደመ፤ ኩባንያውም ድርጊቱ በደንቡ ውስጥ ነው ብሎ አልከለከለም።

በራስ ላይ የሚጣል የጉርሻ ገንዘብም ሌላው ቀዳዳ ነበር። ተዘራፊው በወንበዴው ራስ ላይ ዋጋ ሲያስቀምጥ፣ ወንበዴው በወዳጁ እጅ በርካሽ መርከብ «ተገድሎ» ገንዘቡን ይካፈል ነበር። በታኅሣሥ 2012 በተደረገው ለውጥ ክፍያው ሟቹ በእርግጥ ካጣው ንብረት ጋር የተመዛዘነ ሆነ። በዚያው ጊዜ ከሌላው ስብርባሪ ዕቃ የሚያነሣ «ተጠርጣሪ»፣ ያለ አግባብ የሚያጠቃ «ወንጀለኛ» ተብሎ ለ15 ደቂቃ ምልክት እንዲደረግበት ተወሰነ። ተጫዋቹ ሳያውቅ እንዳያጠፋም የጥንቃቄ ማብሪያ ተሰጠው። ለመምህራን ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ሕጉን የማያውቅ ሰው በሕጉ ሲቀጣ ከቅጣቱ የሚማረው ነገር የለምና።

ታዲያ ውንብድና አዲስ ገቢዎችን ያባርራልን? ኩባንያው በ2015 ዓ.ም. በዓመታዊ ጉባኤው 80,000 አዲስ ተጫዋቾችን በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ተከታትሎ ያገኘውን ውጤት አቀረበ። ከነዚህ ውስጥ 85.5 በመቶው በሌላ ተጫዋች አልተገደሉም፤ 13.5 በመቶው በሕጋዊ መንገድ፣ 1 በመቶው ብቻ በውንብድና ተገድለዋል። የተገደሉትም ካልተገደሉት ይልቅ በጨዋታው የመቆየት ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። ወንበዴዎች ይህን እንደ ምስክር ወረቀት ይዘውት ዞሩ። ነገር ግን አኃዙ ብዙ ደፍሮ የተጓዘ ሰው ለጥቃት የበለጠ እንደሚጋለጥ ሊያመለክትም ይችላል። ሰውየው የቆየው ስለ ተዘረፈ ሳይሆን ከመዘረፉ በፊትም ጨዋታውን ስለ ወደደው ይሆናል። ከትምህርት ቤት ፈተና ውጤት ላይ መንስኤ ለማንበብ የሚቸኩሉ አጥኚዎችም ይህንኑ ስሕተት ይደግሙታል።

ብሬበን ያቋቋመው የካምብሪጁ ፍሮንቲየር ኩባንያ በታኅሣሥ 2014 «ኤሊት ዴንጀረስ»ን ሲያወጣ ተጫዋቹ ከፈለገ ብቻውን መጫወት እንዲችል ፈቀደ። አብሮ መጫወትን ለመረጡት ግን ያው ችግር ጠበቃቸው፤ ወንበዴው ውድ መርከቡን አቁሞ በርካሿ ተገድሎ ስሙን ያጸዳ ነበር። ስለሆነም በየካቲት 2018 ወንጀሉ ከሰውየው ይልቅ ከፈጸመበት መርከብ ጋር እንዲታሰር ተደረገ፤ ከ0 እስከ 10 የሚቆጠር የክፉ ዝና መለኪያም ተጨመረ። ይህ ዝና በገንዘብ አይሠረዝም። ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ በሚያሳልፈው በየሁለት ሰዓቱ አንድ ነጥብ ይቀንስለታል፤ ዜሮ እስኪደርስም ዕዳውን ልክፈል ቢል የሚቀበለው የለም።