ከ«ተሰረዘ» የከፋው «ተራዘመ»

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አዲስ አበባ መግባቱ ሲነገረን አብዛኞቻችን የሮጥነው ወደ ሳኒታይዘርና ወደ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ ላይቭ ኔሽንና ኤኢጂን የመሳሰሉ ግዙፍ የኮንሰርት አዘጋጆች ትልልቅ ዝግጅቶች እንዲራዘሙ በጋራ መግለጫ አወጡ። እስከ መቼ? እስከ ማርች መጨረሻ! (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ እንደምረዳው የሙዚቃውን ዓለም ከመዘጋቱ ይልቅ የጎዳው ይህ «እስከ» የምትል ቃል ነው። የኮንሰርት ጉዞ ወራት ቀድሞ የሚታሰብ ሥራ ነው። አዳራሹ ቀብድ ይበላል፤ አውቶቡስ፣ መብራት፣ ድምፅ የሚያስተካክለው ባለሙያ፣ ዕቃ ጫኙ ሁሉ ቀን ይያዝላቸዋል። ተሰረዘ ከተባለ ሰው ኪሳራውን ቆጥሮ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል። ተራዘመ ሲባል ግን ገንዘቡም ሰውየውም ታስረው ይቀመጣሉ።

የካሊፎርኒያውን ኮቼላ ተመልከቱ። ከኤፕሪል 2020 ወደ ኦክቶበር ተዛወረ፤ ያም ቀርቶ ወደ ኤፕሪል 2021፤ እሱም ተሰረዘ። የእንግሊዙ ግላስተንበሪ በአንጻሩ ማርች 18 ቀን 2020 ላይ፣ ያውም 50ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል፣ «ዘንድሮ የለም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ሁለቱም የተመለሱት በ2022 ነው። ልዩነቱ መሐል ላይ ስንት ጊዜ ተስፋ አስደረጉ የሚለው ነው።

በ1918ቱ ወረርሽኝ፣ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ማለት ነው፣ ፊላደልፊያ ቲያትር ቤቶቿን ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ዘግታ ወሩ ሲያልቅ ከፍታለች። ለጤና መልካም አልነበረም ይሆናል፤ ለተዋናዩ ግን ጥበቃው አጭር ነበር።

ወደ እኛ ሰው ስመጣ ኃይሉ መርጊያ ትዝ ይለኛል። በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከኋላ ጭኖ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 የቀድሞ ሥራው እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ ተመለሰ። «የኔ ምርጫ» የተሰኘው አልበሙ የወጣው ማርች 27 ቀን 2020 ነው፤ መድረክ ሁሉ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት። ዛሬ አልበም በራሱ ብዙ አያበላም፤ የሚያበላው አልበሙን ይዞ መዞሩ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ላሰበ ዘፋኝም የኤምባሲዎቹ መደበኛ የቪዛ አገልግሎት በዚያው ማርች ተቋርጧል።

እርዳታውስ? የአሜሪካ ምክር ቤት ለመድረኮች 15 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደው በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ነው። ማመልከቻ የሚቀበለው ድረ ገጽ ኤፕሪል 8 ቀን 2021 ተከፍቶ በዚያው ዕለት ተበላሸ፤ ዳግም የተከፈተው ኤፕሪል 26 ነው። ገንዘቡም የተመደበው ለአዳራሾች፣ ለአዘጋጆችና ለወኪሎች እንጂ በቀጥታ ለሙዚቀኛው አልነበረም። እንግሊዝ በበኩሏ ዝግጅት በኮሮና ቢሰረዝ የሚክስ የ750 ሚሊዮን ፓውንድ መድን ያስታወቀችው በኦገስት 2021 ነው፤ የግል ኢንሹራንሶች ተላላፊ በሽታን ከውላቸው አውጥተው ከጨረሱ ከረጅም ጊዜ በኋላ።

የእኛ አዝማሪ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቀብድ፣ ውልና መድን የሚባል ነገር የለውም። ማታ ማታ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ሽልማት ነው የሚያድረው። ጭፈራ ቤቶቹ ሲዘጉ «ተራዘመ» የሚለው እንኳ አላገኘም።